«ጥሩውን ስጠኝ» ከማለታችሁ በፊት፦ ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ቢልጫ ወይስ ናይል ፐርች?

ሥጋ ቤት ገብቶ «ሥጋ ስጠኝ» ብሎ ዝም የሚል ሰው አላውቅም። ሽንጥ፣ ዳቢት፣ ጎድን፣ ቅልጥም እያልን ነው የምናዝዘው። የክትፎውን ከቅቅሉ እንለያለን። ዓሣ ቤት ስንገባ ግን ሁሉም ነገር «ዓሣ» ይሆናል። ኪሎውን ተናግረን፣ የተሰጠንን ይዘን እንወጣለን።

ባለፈው ሁዳዴ አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ዓሣ ቤት ተሰልፌ ነበር። ከፊቴ የነበሩት እናት «ሁለት ኪሎ ዓሣ ስጠኝ ልጄ» አሉ። ልጁ «የቱን ላድርግልዎት እማማ?» አላቸው። «ጥሩውን» አሉት። ልጁ ፈገግ ብሎ ፊሌቶ መመዘን ጀመረ። ጥሩው የቱ ነው? ለማን ነው የሚሠራው? ለጥብስ ነው ለወጥ? ማንም አልጠየቀም።

እኔ ይህን ጉዳይ ከጣዕም በላይ አድርጌ ነው የማየው። የዛሬ ጥቂት ዓመት አክስቴ ከሰላሌ መጥተው ነበር። «ምርጥ ነው» የተባልኩትን ዓሣ ገዝቼ ጠብሼ አቀረብኩላቸው። ቢልጫ ነበር። ሻጩ ስለ እሾሁ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ሁለተኛው ጉርሻ ላይ እሾህ ጉሮሯቸው ውስጥ ተሰነቀረ። ሌሊቱን ድንገተኛ ክፍል አደርን። እሾሁ በሰላም ወጣላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ዓሣን አካሉን ሳላይ አልገዛም።

አካሉን ማየት ስል ቀላል ነገር ነው። ክንፉ የት እንዳለ፣ ቅርፊት እንዳለው፣ አፉ ምን እንደሚመስል ማየት። የዓሣ አካል ብዙ ይናገራል። ስንት እሾህ እንዳለው፣ ሥጋው ይፈርስ ወይም ይጸና እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ ጭምር።

ዝምድናቸው እንደምናስበው አይደለም

በዓለም ላይ የጀርባ አጥንት ካላቸው እንስሳት ዝርያዎች ግማሽ ያህሉ ዓሣዎች ናቸው። ከ30,000 በላይ ዝርያ አላቸው። ከእነዚህ አብዛኞቹ «ባለ አጥንት ዓሣ» የሚባሉት ናቸው። ሻርክ ከዚህ ወገን አይደለም። የሻርክ አጽም እንደ ጆሯችን ጫፍ ያለ ልም አጥንት ነው። በአንገቱ ግራና ቀኝም ክዳን የሌላቸው ስንጥቆች ተደርድረው ይታያሉ። ባለ አጥንቶቹ ግን ስንጥባቸውን፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የሚተነፍሱበትን አካል፣ የሚሸፍን አንድ ጠንካራ ክዳን በየጎናቸው አላቸው። ከሐይቆቻችን የሚመጣው ሁሉ ከእነዚህ ነው። ክዳኑን ልብ በሉት፣ ገበያ ላይ ይጠቅማችኋል።

አብዛኞቹ ሆዳቸው ውስጥ የአየር ከረጢትም አላቸው። ዓሣ ስታጸዱ የምታዩት ያ ብርማ ፊኛ መሰል ነገር ነው። ዓሣው ሳይሰምጥና ሳይንሳፈፍ መሐል ውሃ ላይ እንዲቆም ይረዳዋል። የናይል ፐርች ከረጢት ደርቆ ወደ ምሥራቅ እስያ ይሸጣል፣ እዚያ ውድ ምግብ ነው።

አሁን እኔን በጣም ያስገረመኝን ልንገራችሁ። ቆሮሶና አምባዛ አንድ ሳፋ ውስጥ ተኝተው ስናያቸው ወንድማማቾች ይመስሉናል። የሁለቱ የዘር ሐረግ ግን ከተለያየ ከ200 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኖታል። የሰውና የላም ሐረግ የተለያየው ከ100 ሚሊዮን ዓመት ወዲህ ነው። ማለትም እኛ ለላም የምንቀርበውን ያህል ቆሮሶ ለአምባዛ አይቀርብም። እና ሁለቱን አንድ ዓይነት ቅመም አድርገን፣ አንድ ዓይነት ደቂቃ ጠብሰን፣ አንድ ዓይነት ጣዕም እንጠብቃለን!

ሌላም አለ። ባለ አጥንት ዓሣዎች ሁለት ትልልቅ ጎራ አላቸው። አንደኛው ክንፉ እንደ ማራገቢያ በቀጫጭን ዘንጎች የተወጠረ ነው። ቆሮሶም፣ አምባዛም፣ ሳርዲንም፣ ቱናም እዚህ ናቸው። ሁለተኛው ክንፉ ሥጋና አጥንት ያለው፣ እንደ እጅና እግር መነሻ ያለ ነው። ከዚህኛው ጎራ ዛሬ የቀሩት ጥቂት ናቸው። አንዱ ሲላካንት ነው። ከጠፋ ብዙ ሚሊዮን ዓመት ሆኖታል ተብሎ ሲታመን፣ እ.ኤ.አ. በ1938 ደቡብ አፍሪካ ላይ በመረብ ተይዞ ተገኘ። ሌላው ባለ ሳንባው ዓሣ ነው። ከአፍሪካዎቹ የአንዱ ሳይንሳዊ ስም ፕሮቶፕተረስ ኢትዮፒከስ ነው። በናይል ተፋሰስና በቪክቶሪያ ሐይቅ ይኖራል። ይህ ዓሣ በዝምድና ከቆሮሶ ይልቅ ለእኔና ለእናንተ ይቀርባል። ዓሣ ቤት ውስጥ አታገኙትም። ግን «ዓሣ» የሚለው ቃል ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ለማሳየት ከእሱ የተሻለ ምሳሌ የለኝም።

ቆሮሶ

አዲስ አበባ ውስጥ ሙሉ ጥብስ ስታዝዙ በብዛት የሚመጣላችሁ እሱ ነው። ጎኑ ጠፍጣፋ፣ ጀርባው ከፍ ያለ፣ አፉ ትንሽ ነው። ጀርባው ላይ ያለው ክንፍ ረጅም ነው፣ የፊተኛው ክፍሉ በሙሉ እሾህ ነው። ስታጸዱ እጃችሁን የሚወጋው እሱ ነው። ጅራቱ ላይ ቀጫጭን ሽንትሮች ቁልቁል ተሰምረው ይታያሉ። ቀረብ ብላችሁ ብታዩ በየጎኑ አንድ የአፍንጫ ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው። ብዙ ዓሣዎች በየጎናቸው ሁለት ሁለት አላቸው።

የሚበላው በአብዛኛው ዋቅላሚ (ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ተክል መሰል ነገር) ነው። ለዚህ ይመስለኛል ሥጋው ለስላሳና ገር የሆነው። አንዳንዴ የጭቃ ጣዕም የሚኖረውም ውሃው ውስጥ ካሉ ጥቃቅን ነገሮች የተነሳ ነው። ሎሚ ውስጥ ጥቂት መዘፍዘፍ ያንን ጣዕም በደንብ ይቀንሰዋል። ይህ ልማድ ብቻ አይደለም፣ አሲዱ በእርግጥ ይሠራል።

እሾሁ ትልልቅና የሚታይ ነው። የጎን አጥንቱ በሥርዓት ተደርድሮ ስለሚገኝ ሥጋውን በጣት ገፋ ስታደርጉት ይለቃል። ለልጅ ሙሉ ዓሣ የምሰጥ ከሆነ ከቆሮሶ ሌላ አልመርጥም። ሥጋው ስስ ስለሆነ ግን ወጥ ውስጥ ብዙ ካማሰላችሁት ይበታተናል።

እናትየው እንቁላሏንና ጫጩቶቿን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምታሳድገው። አደጋ ሲመጣ ጫጩቶቹ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ይህን ካወቅሁ በኋላ ከመዳፌ ያነሰ ቆሮሶ መግዛት ትቻለሁ። ሐይቆቻችን ላይ ያለው የመረብ ብዛት የታወቀ ነው። ትንሿ ዓሣ ገና አልወለደችም።

አምባዛ

ስለ አምባዛ ብዙ ሰው ሳያውቀው ይፈርዳል። ቅርፊት የለውም። ቆዳው ለስላሳና የሚያዳልጥ ነው። ራሱ ሰፊና ጠፍጣፋ ነው፣ አጥንት የለበሰ ነው። አፉ ዙሪያ አራት ጥንድ ረጃጅም ጺም አለው። በጺሙ ነው ጨለማና ድፍርስ ውሃ ውስጥ ምግቡን የሚፈልገው። ከራሱ ሥር ግራና ቀኝ ያሉት ክንፎች ፊት ለፊታቸው ጠንካራ ጦር አላቸው። ስትይዙት ተጠንቀቁ።

ከስንጥቡ በላይ እንደ ትንሽ ዛፍ የተቀረጸ ልዩ አካል አለው። በዚያ አየር ይተነፍሳል። ሐይቅ ዳር ከውሃ ወጥቶ ብዙ ሰዓት ሲንቀሳቀስ የምታዩት ለዚህ ነው። ይህ ለገዢ ጥሩ ነገር ነው፣ አምባዛ ከሌሎቹ በተሻለ በሕይወት እያለ ገበያ ሊደርስ ይችላል።

ብዙ ሰዎች አምባዛን የማይበሉት በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ላይ «ክንፍና ቅርፊት» ያለው ይበላል ስለተባለ ነው። ይህን አከብራለሁ። እንግዳ ከጠራችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ። ሳትነግሩ ማብላት ነውር ነው። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውንም ለንስሐ አባቶቻችሁ እተወዋለሁ።

የሚበላው ሰው ግን ለወጥ ከዚህ የተሻለ አያገኝም። ሥጋው ቀላ ያለ፣ ስብ ያለውና ጠንካራ ነው። ቁሌቱ ውስጥ ገብቶ ቢንተከተክም አይፈርስም። ሥጋው ውስጥ የሚያስቸግር ጥቃቅን እሾህ የለም ማለት ይቻላል። ለጉላሽም ጥሩ ነው። ቆዳውን ማስገፈፍ አትርሱ፣ ልጋጉ በጨው ታሽቶ ካልለቀቀ ሽታው ወጡ ውስጥ ይገባል።

ቢልጫ፣ ካርፕና የእሾሁ ነገር

አሁን ወደ አክስቴ ጉዳይ መጣን።

ቢልጫ ቆንጆ ዓሣ ነው። ቅርፊቱ ትልልቅና የሚያበራ ነው። ጅራቱ መቀስ መሰል ነው። ከንፈሩ ዳር ሁለት ጥንድ አጫጭር ጺም አለው። መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፣ ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው ያለው። ባሕር ዳር አካባቢ «ነጭ ዓሣ» ይሉታል። ካርፕ የቅርብ ዘመዱ ነው። ካርፕ ከውጭ የመጣ ነው፣ ቆቃና ዝዋይ ላይ በደንብ ለምዷል። ጀርባው ላይ ያለው ክንፍ ከቢልጫ በጣም ይረዝማል።

የሁለቱም ችግር አንድ ነው። ሥጋቸው ውስጥ፣ ከጎን አጥንቱ ውጪ፣ ከምንም ጋር ያልተያያዙ ቀጫጭን እሾሆች አሉ። ብዙዎቹ ጫፋቸው ለሁለት የተከፈለ ባላ ነው። ከጀርባ አጥንቱ ጋር ስለማይያያዙ አጥንቱን ስትመዙት አብረው አይወጡም። ፊሌቶ ቢደረግም እዚያው ይቀራሉ።

ይህን ሳትቀምሱ ማወቅ ይቻላል። ዓሣውን አዙሩትና የሆዱን ጥንድ ክንፍ ፈልጉ። ክንፉ ወደ ሆዱ መሐል ከሆነ ጥቃቅን እሾህ ጠብቁ። ቢልጫ እንዲህ ነው፣ ካርፕም፣ ሳርዲንም። ክንፉ ወደ ፊት መጥቶ ከጉሮሮው ሥር፣ ከጎን ክንፉ በታች ከሆነ ደግሞ ሥጋው ከጥቃቅን እሾህ የጸዳ ነው። ቆሮሶና ናይል ፐርች እንዲህ ናቸው። እነዚህ ዘግይተው የመጡት፣ ባለ እሾህ ክንፎቹ ዓሣዎች ናቸው። የጀርባ ክንፋቸው ሲጠነክር፣ የሥጋቸው እሾህ በአብዛኛው ጠፍቷል። ከዚህ ደንብ የሚወጣው አምባዛ ነው። ክንፉ ወደ መሐል ነው፣ ሥጋው ግን አያስቸግርም። እሱን ደግሞ በጺሙና በቆዳው ስለምታውቁት አትሳሳቱም።

እኔ ከዚያ ሌሊት በኋላ ከተማርኩት ሁሉ ይህን ነው አስበልጬ የምይዘው።

ታዲያ ቢልጫ አይበላም? ይበላል፣ ጣዕሙም ከቆሮሶ ይበልጣል ባይ ነኝ። አሠራሩን ማወቅ ነው። በጣም ስለታም ቢላ ይዛችሁ ጎኑን ከላይ ወደ ታች በጣም ተቀራራቢ አድርጋችሁ ሰንጥቁት። ቆዳውን አትለፉ፣ እሾሁን ግን ቁረጡት። ከዚያ በደንብ በጋለ ዘይት ጥበሱት። የተቆራረጠው እሾህ ይደርቅና ይፈረካከሳል። አለበለዚያ ሁለት ጊዜ ይፈጭና ኮተሌት ይሁን። ለትንሽ ልጅና ለአዛውንት ግን እንዲህም ሆኖ አልሰጥም።

እሾህ ከተሰነቀረ ደግሞ እንጀራ ጠቅልሎ መዋጥ የሚባለውን ተዉት። እሾሁን የበለጠ ሊገፋው ይችላል። ሐኪም ቤት ሂዱ።

ናይል ፐርች

ትልቁ እሱ ነው። እስከ 200 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። አፉ ሰፊ ነው፣ የታችኛው መንጋጋው ወጣ ያለ ነው። ሌሎች ዓሣዎችን እየዋጠ ነው የሚኖረው። የጀርባ ክንፉ መሐል ላይ ጎድጎድ ብሎ ሁለት ይመስላል፣ ጅራቱ ክብ ነው። ትንሹን ናይል ፐርች ከቆሮሶ የምትለዩት በእነዚህ ነው።

ሥጋው ነጭ፣ ወፍራምና እሾህ አልባ ነው። ለፊሌቶ፣ ለኮተሌት፣ ለታመመ ሰው ሾርባ የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። ዋጋውም እንዲሁ ከፍ ይላል። ስለዚህ ነው በስሙ ሌላ ዓሣ የሚሸጠው። እኔ ራሴ አንድ ቦታ ናይል ፐርች ተብዬ ገዝቼ ቤት ስደርስ አምባዛ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ያን ቀን ቤቴ የተጋበዙት ጓደኞቼ አምባዛ አይበሉም ነበር። በጣም አዝኛለሁ። እንደ ዕድል ሆኖ ከመጥበሴ በፊት አየሁት።

ይህን ለማጣራት ጥሩው ጥያቄ «ከየት ነው የመጣው?» የሚለው ነው። ናይል ፐርች ከጫሞ፣ ከአባያ፣ እንዲሁም ከኦሞና ከባሮ በኩል ነው የሚመጣው። ሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ የለም። ዝዋይም የለም። ጣናም የለም። ስሙ የናይል ሆኖ ጣና ላይ አለመኖሩ ይገርማል። ምክንያቱ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ነው። 40 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ገደል ነው፣ ከታች የሚመጣውን ዓሣ አያሳልፍም። እና አንድ ሻጭ «የሐዋሳ ናይል ፐርች ነው» ካላችሁ፣ ወይ ቦታው ወይ ዓሣው ትክክል አይደለም።

አርባ ምንጭ ደግሞ ከአዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ዝዋይ 160 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ትኩስነት የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ፣ በረዶ ላይ ረጅም መንገድ ከመጣ ናይል ፐርች ይልቅ ጠዋት የደረሰ የዝዋይ ቆሮሶ ይሻላል። እኔ እንደዚያ ነው የማደርገው።

ሙሉ ወይስ ፊሌቶ?

ከተቻለ ሙሉ። ያ የስንጥብ ክዳን እዚህ ነው የሚጠቅመው። ገልጡት። ስንጥቡ ደማቅ ቀይ ከሆነ ትኩስ ነው። ቡናማ ወይም ግራጫ ሆኖ የሚለጠፍ ከሆነ ተዉት። ዓይኑ የጠራና ወጣ ያለ መሆን አለበት። ጎኑን በጣት ስትጫኑት ጎድጉዶ ከቀረ ቆይቷል ማለት ነው። ሻጩ «አትንካ» ካላችሁ ሌላ ዓሣ ቤት ሂዱ።

ፊሌቶ ላይ እነዚህ ምልክቶች ሁሉ ጠፍተዋል። የሚቀራችሁ ቀለሙ፣ ውፍረቱና ሽታው ነው። የቆሮሶ ፊሌቶ ስስና ነጣ ያለ ነው፣ መሐሉ ላይ ቀይ መስመር ይወርዳል። የአምባዛው ረዘም ያለና ቀላ ወይም ግራጫ ያለ ነው። የናይል ፐርች ወፍራም ነው፣ ሲበስል በትልልቁ ይገነጠላል። ቆዳው ላይ ጥቂት ቅርፊት እንዲቀር ብታዝዙ ማታለል ይከብዳል። አምባዛ ቅርፊት የለውማ።

ለብለብ የምትወዱ ሰዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔም ሐዋሳ አሞራ ገደል ላይ በልቻለሁ። የሐይቆቻችን ዓሣዎች ውስጥ ግን ወደ ሰው ሊተላለፉ የሚችሉ የትል እጮች ይገኛሉ። ሙሉ በሙሉ ያልበሰለ ዓሣ አሁን ቤቴ አላቀርብም።

ስለ ጣሳው ባጭሩ። ሳርዲን እሾሁ ከነሥጋው በስሎ ስለሚለሰልስ ይበላል፣ ካልሲየም ያገኙበታል። ቱና እሾህ የለውም፣ ለሳንድዊች ይመቻል። ግን ትልቅ አዳኝ ዓሣ ስለሆነ ከሳርዲን የበለጠ ሜርኩሪ ይጠራቀምበታል። ነፍሰ ጡርና ትንሽ ልጅ ላለበት ቤት ሳርዲኑን እመርጣለሁ።

እኔ ብሆን

ለልጆች ሙሉ ጥብስ ቆሮሶ። ለቀይ ወጥ፣ የሚበሉት ከሆነ፣ አምባዛ። ለአዛውንት ሾርባ ናይል ፐርች፣ ካልተገኘ በእጅ የተለቀመ ቆሮሶ። ለዱለት የትኛውም ይሆናል፣ በደንብ እስከተከተፈና እስከበሰለ ድረስ። ቢልጫ ጊዜ ሲኖረኝ፣ ቢላዬ ሲሳል፣ ተመጋቢዎቹም እሾህ መልቀም የሚያውቁ ሲሆኑ።

አራት ኪሎ ተሰልፈው የነበሩትን እናት ደፍሬ «እማማ ለማን ነው የሚሠሩት?» አልኳቸው። ለአራት ዓመት የልጅ ልጃቸው ነበር። ሚዛን ላይ የነበረውን አሳየኋቸውና ሙሉ ቆሮሶ እንዲሆንላቸው ጠየቅን። ሻጩ ልጅ ራሱ ስንጥቡን ገልጦ ቀዩን መርጦ ሰጣቸው። ስላልተጠየቀ ነው እንጂ ሥራውን ያውቃል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለ ጣና። እዚያ ያሉት ትልልቅ የቢልጫ ዝርያዎች 15 ናቸው፣ ከአንድ ዘር እዚያው ሐይቁ ውስጥ የተለያዩ። ስምንቱ ዓሣ በል ናቸው፣ የሚገርመው መንጋጋቸው ላይ ጥርስ ሳይኖራቸው ነው የሚያድኑት። ክረምቱ ሲያልቅ ብዙዎቹ ለመራባት እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ወንዞች ይገባሉ። በዚያ ወቅት የወንዙ አፍ ላይ መረብ ከተዘረጋ እንቁላል የያዙት በጅምላ ይያዛሉ። ቁጥራቸው በእጅጉ የቀነሰው በዋናነት ለዚህ ነው። ስለዚህ በነሐሴና በመስከረም የጣና ነጭ ዓሣ ቢቀርብላችሁ እለፉት። ቆሮሶውን ያዙ።